እንግዳ መቀበልስ እናውቃለን… እንግዳ መሆንስ?

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አንዷን ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ሌሎቻችሁ ተራችን ተወሰደብን ብላችሁ ቅር አይበላችሁ፤ ይህቺ ደብዳቤ ለብዙዎቻችን የምትሆን ሆና ስላገኘኋት ነው።

ጸሐፊዋ ስሟንና ሰፈሯን እንዳልገልጽ ለምናኛለች። ዕድሜዋ 27 ነው። ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ፣ ሰርጉም አምሮ ደምቆ አለፈ። ለጫጉላ ደግሞ ሐዋሳ ወይም ቢሾፍቱ ከመሄድ «እስኪ ባሕር እንይ!» ብለው ለሁለት ዓመት ባጠራቀሙት ገንዘብ ዛንዚባር ሄዱ። ደብዳቤዋን አሳጥሬ እነሆ፦

«…ሆቴሉ ባሕሩ ጫፍ ላይ ነበር። አልጋዬ ላይ ሆኜ የማዕበሉን ድምፅ እሰማለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሕልም ነበሩ ማለት ይቻላል። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስንነሳ ባሕሩ የለም! ሸሽቶ ሄዷል። እስከ ሩቅ ድረስ እርጥብ አሸዋና ኩሬ ብቻ ሆነ። በመካከሉ ሴቶች አጎንብሰው የሆነ ነገር ይሠራሉ። ባለቤቴ ስልኩን ይዞ ሮጠ። አጠገባቸው ደርሶ ፊታቸው ላይ ደቅኖ ያነሳቸው ጀመር። አንዲት በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴትዮ በለበሱት ጨርቅ ፊታቸውን ሸፍነው ጮኹበት። እሱ ሳቀ። ከዚያ ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ አሸዋው ላይ ወርወር አደረገና ‹ነይ እንሂድ፣ የፈለጉት ይሄንን ነው› አለኝ። እየሄድኩ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ሴትዮዋ ገንዘቡን አላነሱትም…

«…ከተመለስን ሦስት ወር ሆነን። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጥፎታል፤ ሰው ሁሉ ‹ዋው!› ይልበታል። እኔ ያንን ፎቶ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይገለባበጣል። ነገሩን ሳነሳበት ‹ለማታውቂያት ሴትዮ ብለሽ ከባልሽ ትጣያለሽ?› ይለኛል። እናቴ ደግሞ ‹አይጠጣ፣ አያመሽ፣ ምን ጎደለሽ?› ትለኛለች። የእኔ ፍርሃት ግን ሌላ ነው። ነገ ታምሜ ወይ ሥራ ፈትቼ እጁን የማይ ሴት ብሆን፣ ለእኔም እንደዚያ ወርወር ያደርግልኝ ይሆን? የማላውቀውን ሰው ነው ያገባሁት?»

ኧረ ይሄስ ቀላል ጥያቄ አይደለም! ሽማግሌ ፊት ቢቀርብ «ባሌ ፎቶ አነሳብኝ ብላ ከሰሰች» ተብሎ ሊሳቅበት ይችላል። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያንን የባሕር ዳርቻ አውቀዋለሁና።

ሴትዮዋ ምን እየሠሩ ነበር?

በመጀመሪያ ፊታቸውን የሸፈኑትን ሴትዮ እንተዋወቃቸው። ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ሆና የራሷ ፕሬዚዳንትና ምክር ቤት ያላት የደሴቶች ምድር ናት። ዋናዎቹ ደሴቶች ኡንጉጃና ፔምባ ይባላሉ። እንግዳ በብዛት የሚያርፈው ኡንጉጃ ላይ ነው። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊም ነው፤ ቋንቋው ስዋሂሊ ነው።

እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት በኡንጉጃ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ጃምቢያኒ በምትባል መንደር አሥር ቀን ተቀምጫለሁ። ሆቴሉ ትንሽ ነው። ጥቂት ክፍሎች፣ በኮኮናት ቅጠል የተከደነ ምግብ ቤት፣ ከፊት ለፊቱ ዱቄት የመሰለ ነጭ አሸዋ። በዚያ በኩል ባሕሩ ጥልቀት ስለሌለው ሲሸሽ እጅግ ሩቅ ነው የሚሄደው። ምክንያቱ የጨረቃና የፀሐይ ስበት ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ደግሞ ሽሽቱም ሙላቱም ይበረታል።

ለእኛ ለእንግዶቹ ባሕሩ ሲሸሽ «ኤጭ! ዛሬ ዋና የለም» ነው። ለመንደሩ ሴቶች ግን የሥራ ሰዓት ደወል ነው። እነሱ «ምዋኒ» የሚሉትን የባሕር ሣር ያመርታሉ። አሸዋው ላይ እንጨት ይቸክላሉ፣ ከእንጨት እንጨት ገመድ ይዘረጋሉ፣ ገመዱ ላይ ቁርጥራጭ ሣር አንድ በአንድ ያስራሉ። ስድስት ሳምንት ያህል ካደገ በኋላ ይሰበስቡታል፣ ተሸክመው ያወጡታል፣ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ ለነጋዴ ይሸጡታል። ከዚያ ወደ ውጭ አገር ይላካል። ከሣሩ የሚወጣው ማወፈሪያ የጥርስ ሳሙና፣ አይስክሬምና ቅባት ውስጥ ይገባል። እህቴ፣ ባለቤትሽ ዛሬ ጠዋት ጥርሱን በቦረሸበት ሳሙና ውስጥ የእነዚያ ሴቶች ላብ ሊኖርበት ይችላል!

ይህ እርሻ ለገበያ ተብሎ ዛንዚባር ውስጥ የተጀመረው በ1989 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዝርያው የመጣው ከፊሊፒንስ ነው። አብዛኞቹ አምራቾች ሴቶች ናቸው። በዚህ ሥራ ብዙ እናቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን ገንዘብ በእጃቸው ያዙ። ደብተር ገዙበት፣ የቤት ጣሪያ ጠገኑበት፣ የባላቸውን ኪስ ማየት ተዉ። አሁን አሁን ደግሞ ባሕሩ እየሞቀ ስለሄደ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ዝርያ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ እየሞተባቸው ተቸግረዋል። እናላችሁ፣ ወገባቸው ተቆልምሞ፣ እጃቸው ጨው በልቶት፣ ባሕሩ ተመልሶ ሳይመጣባቸው ለመጨረስ የሚጣደፉ ሠራተኞች ናቸው።

እንግዲህ የባለቤትሽ እግር የረገጠው ባለቤት የሌለው የሽርሽር ሜዳ አይደለም። የሴትዮዋ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው የገባው። ያውም ሳያንኳኳ!

ከግንቡ ወዲህና ወዲያ

ባሕር ዳር ያለ ሆቴል ኑሮ ጣፋጭ ነው፣ ማን ይክዳል! (ባሕር ዳር ስል የጣናዋን ከተማ ማለቴ አይደለም፤ ጎጃሞች እንዳትቀየሙኝ።) ጠዋት ፓፓያና አናናስ ተቆራርጦ ይቀርባል። ከሰዓት ጥላ ሥር መጋደም ነው። ማታ በኮኮናት ወተት የተሠራ ስምንት እግሩ የባሕር እንስሳ ወጥ ሆኖ ይመጣል… «ይሄንንማ አልበላም» ያለው ሁሉ ሁለት ሰሃን ይደግማል። በየሄዱበት «ካሪቡ! ካሪቡ!» ነው፤ «እንኳን ደህና መጡ፣ ይግቡ» እንደማለት።

የዚህ ኑሮ አደጋ ግን እዚሁ ላይ ነው። ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ከኖራችሁ በኋላ ዓለም ሁሉ እናንተን ለማስደሰት የተፈጠረ ይመስላችኋል። አስተናጋጁ ለእናንተ ይስቃል፣ አትክልተኛው ለእናንተ ይጎነበሳል፣ ባሕሩ ለእናንተ ሰማያዊ ሆኗል። ከግንቡ ወጥታችሁ መንደሩ ውስጥ ስትገቡም ያው የሆቴሉ ግቢ የቀጠለ ይመስላችኋል። ዓሣ አጥማጁ፣ ከቁርዓን ትምህርት ቤት የሚመለሱት ሕፃናት፣ የምዋኒ ሴቶቹ… ሁሉም የመስተንግዶው አካል ይሆኑባችኋል። እነሱ ግን ከእናንተ ደመወዝ አልተቀበሉም፤ ሊስቁላችሁም ግዴታ የለባቸውም።

ደግሞ ልብ በሉ፣ ሆቴሎቹ ራሳቸው እንግዳ ናቸው። ከ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) አብዮት በኋላ በዛንዚባር መሬት የመንግሥት ነው፤ የውጭ ባለሀብት የሚይዘው በሊዝ ነው። ሊዝ የሚባለውን ነገር ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። መንደሮቹ ግን ከሆቴሎቹ በፊት እዚያው ነበሩ። ዓሣ ያጠምዱ ነበር፣ ኮኮናት ይለቅሙ ነበር፣ ልጅ ይድሩ ነበር።

እኔ ባረፍኩበት ሆቴል ቁርስ የምታቀርብ ወጣት ነበረች። አንድ ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝላት «እንግዳ ሲመጣ ምን ይቸግርሻል?» ብዬ ጠየቅኋት። የጠበቅሁት «ብዙ ማዘዛቸው» ወይም «ጉርሻ አለመስጠታቸው» የሚል ነበር። እሷ ግን ሰው ሳይሰላምታ «ቡና!» ሲላት እንደሚከፋት ነገረችኝ። በእነሱ ዘንድ መጀመሪያ ስለ ጤና ይጠያየቃሉ፣ ስለ ቤተሰብ ይጠያየቃሉ፣ ጉዳዩ ከዚያ ይከተላል። በዕድሜ ለሚበልጥ ደግሞ «ሺካሞ» ይባላል፤ የአክብሮት ሰላምታ ነው። ትልቁም ሰው «ማራሃባ» ብሎ ይመልሳል።

አያችሁ፣ ይህ ለእኛ ባዕድ ነው እንዴ? እኛም አገር እኮ ትልቅ ሰው ሲመጣ ከወንበር ብድግ ይባላል! የሰው ቤት ስንደርስ «ቤቶች!» እንላለን፤ እነሱ «ሆዲ!» ይላሉ። ከውስጥ «ካሪቡ» ካልተባለ አይገባም። ሰዓት አቆጣጠራቸው ሳይቀር እንደ እኛው ነው። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሆን «ሳ ሞጃ»፣ አንድ ሰዓት ይላሉ። ፈረንጁ ጀልባ ለመሳፈር ሲቀጣጠር ግራ ይጋባል፤ ለሐበሻ ግን እንደ ቤቱ ነው። ደቂቃን «ዳኪካ»፣ ሳህንን «ሳሃኒ»፣ ሳምቡሳንማ «ሳምቡሳ» ነው የሚሉት። ከማንም እንግዳ ይልቅ እነሱን መረዳት የሚቀለን እኛ ነበርን እኮ!

ሴትዮዋ ፊታቸውን የሸፈኑበት ጨርቅ ካንጋ ሳይሆን አይቀርም። የባሕሩ ዳርቻ ሴቶች በየቀኑ የሚያገለድሙትና የሚከናነቡት ደማቅ ጨርቅ ነው። ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይሸጣል። ከታች በኩል አንዲት ዓረፍተ ነገር ታትሞበታል… ምክር፣ ምርቃት፣ ሽሙጥ፣ አንዳንዴም ለጎረቤት የተላከ አሽሙር! ሴት አፏን ሳትከፍት በጨርቋ ትናገራለች። የእኛ እናቶች በቅኔና በተረት ጠቅ እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ባለቤትሽ ሥዕል ያየበት ቦታ ላይ ንግግር ነበረ።

ካሜራው ወደ እኛ ሲዞር

እስኪ እንጦጦን አስቡ። ከጫካው እንጨትና ቅጠል ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችን ያላየ አዲስ አበቤ አለ? ከራሳቸው ክብደት የሚበልጥ ሸክም ተጭነው መሬት መሬት እያዩ ይወርዳሉ። አንድ ቱሪስት ከመኪና ወርዶ ፊታቸው ላይ ካሜራ ሲደቅንባቸው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ያኔ በውስጤ የተሰማኝን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ። «ይሄ ሰውዬ እናቱን እንዲህ ያደርጋታል?» ነው ያልኩት። ገንዘብ ቢሰጥ ባይሰጥ ቁጣዬን አያበርደውም ነበር።

የእንጦጦዋ እናትና የጃምቢያኒዋ እናት አንድ ናቸው። የተለወጠው ካሜራው የተያዘበት እጅ ነው። ዛሬ ስልኩ ያለው በእኛ እጅ ነው፣ ተራው የእኛ ነው። እንግዳ ተቀባይ ነን ብለን እንኮራለን፤ እውነትም ነን። እግር አጥበን፣ አልጋችንን ለቀን እናስተናግዳለን። ግን እንግዳ መሆን ራሱ ሙያ እንደሆነ ማን አስተማረን? የእግዜር እንግዳ ሆኖ የሰው ደጅ የሚቆም ሰው ጫማውን ያራግፋል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ የተሰጠውን ያመሰግናል። አውሮፕላን ተሳፍረን፣ ሆቴል ከፍለን ስንሄድ ይሄ ሁሉ ይጠፋብናል። «ከፍያለሁ እኮ!» እንላለን። የከፈልነው ለክፍሉ እንጂ ለመንደሩ አይደለም።

እዚህ ላይ ለባለቤትሽም ትንሽ ጠበቃ ልቁምለት። የእኛ ትውልድ ባሕር አያውቅም። ወላጆቻችን ስለ ምጽዋና ስለ አሰብ ሲያወሩ ሰምተናል። ኤርትራ በ1993 (እ.ኤ.አ.) ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ ግን ለእኛ ባሕር በፓስፖርት የሚታይ ነገር ሆኗል። እና አንድ ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ያውም ሸሽቶ የሄደ ባሕር ቢያይ እንደ ልጅ ቢሮጥ አይፈረድበትም። ስልክ ይዞ መሮጡን ይቅር በይው። ሳይጠይቅ ማንሳቱንም «ደስታ ነው፣ አላወቀም» ብለሽ ልታልፊው ትችያለሽ። ገንዘቡን አሸዋ ላይ መወርወሩ ግን ደስታም አለማወቅም አይደለም። እጅ ለእጅ መስጠት ይችል ነበር። ያንን ያየሽው ዓይንሽ አልተሳሳተም።

እህቴ፣ ላንቺ የምለው

አንደኛ፣ ትዳርን በአንድ ጠዋት አትመዝኚ። ለሦስት ወር አብረሽው ኖረሻልና አዲስ አበባ ላይ እይው። ለግቢው ዘበኛ እንዴት ይናገራል? ለሊስትሮው ሳንቲሙን በእጁ ይሰጠዋል ወይስ ይወረውርለታል? ምግብ ቤት አስተናጋጅ ብትሳሳት ምን ይላታል? ቤታችሁ ሠራተኛ ካለች «እባክሽ» ትባላለች? እዚህ ሰው አክባሪ ከሆነ፣ እዚያ ያየሽው ግንቡ ያመጣበት ስካር ነው፤ በምክር ይበርዳል። እዚህም ያው ከሆነ ግን ባሕሩን አናማው። ባሕሩ ገለጠው እንጂ አላመጣውም።

ሁለተኛ፣ ስለ ፎቶው መጨቃጨቅ አቁሚ። ለምን ብትዪኝ፣ እሱ የሚሰማው «ለማላውቃት ሴትዮ ብላ ትነዘንዘኛለች» የሚለውን ነው። ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ለእኔ የጻፍሽውን ነገር ለእሱ ነግረሽዋል? «አቅም ባጣ ለእኔም ትወረውርልኝ ይሆን?» የሚለውን? እንዳልነገርሽው እርግጠኛ ነኝ። ባልሽ የተጣላችሁት ስለ አንዲት የባሕር ዳር ሴትዮ ይመስለዋል። የተጣላችሁት ግን ስላንቺ ነው። ይሄንን ካላወቀ ምን ብሎ ሊመልስልሽ ይችላል? እናትሽ ዘንድ ከመሄድሽ በፊት፣ እኔ ዘንድ ከመጻፍሽም በፊት፣ ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር መስማት የሚገባው እሱ ነበር። ተረጋግታችሁ በተቀመጣችሁበት ምሽት፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍተሽ፣ ሳትጮሂ ንገሪው። ከዚያ ዝም ብለሽ አድምጪ።

ሦስተኛ፣ ፎቶውን እንዲያጠፋ ጠይቂው። ሲጠይቅሽ ሴትዮዋ ምን ይሠሩ እንደነበር አስረጂው፤ ይሄንን ጋዜጣም ብታሳዪው አይከፋኝም። «አዝናለሁ» እንዲልሽ አትጠብቂ፤ ወንድ ልጅ ምላሱ ሳይለምድ እጁ ሊቀድም ይችላል። ምን እንደሚያደርግ እዪ። ሰው ሁሉ «ዋው!» ያለበትን ፎቶ ማጥፋት ለዛሬ ልጅ ቀላል አይደለም። ለአንዲት በአካል ለማያገኛቸው ሴትዮ ክብር ብሎ ካጠፋ፣ ስለ ነገሽ የሚነግርሽ ብዙ ነገር አለ።

አራተኛ፣ ያን ጠዋት አንቺስ ምን አልሽው? በደብዳቤሽ ላይ «ዞር ዞር ብዬ አየሁ» ነው ያልሽው። ልወቅስሽ አይደለም። ነገር ግን ዝምታሽን «ተስማምታለች» ብሎ ወስዶት ይሆናል። ከእንግዲህ ሲያጠፋ ካየሽ እዚያው፣ ለስለስ አድርገሽ ንገሪው። ሦስት ወር ሆድሽ ውስጥ የከረመ ነገር ሲወጣ ይመራል።

ይሄን ሁሉ አድርገሽ አሁንም ከሳቀ፣ ለታናናሾቹ ያለው ንቀትም በየቀኑ የምታዪው ከሆነ፣ ያኔ ጉዳዩ የፎቶ አይደለም። ልጅ ከመምጣቱ በፊት ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሰው መካከላችሁ አስቀምጡና ተነጋገሩ። «አይጠጣ፣ አያመሽ» የሚለው የእናትሽ ሚዛን ጥሩ ነው፤ ግን ግማሽ ሚዛን ነው። ሰው አቅም ያጣን ሰው የሚይዝበት እጅ ሌላኛው ግማሽ ነው።

ላንተም ወንድሜ፣ ይሄንን እያነበብክ ከሆነ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅህ። ሴትዮዋ ገንዘቡን ያላነሱት ለምን ይመስልሃል? የፈለጉት ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ያነሱት ነበር።

ለመሄድ ላሰባችሁ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዛንዚባር ስለሚበር ይህቺ ደብዳቤ የመጨረሻዋ እንደማትሆን አውቃለሁ። እና ለጫጉላም ሆነ ለእረፍት ለምትሄዱ ጥቂት ነገር ልበላችሁ።

ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ስለ ባሕሩ ሽሽት ጠይቁ። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በጃምቢያኒና በፓጄ፣ ባሕሩ በጣም ይርቃል። በሰሜኑ ጫፍ በኑንግዊና በኬንድዋ ግን ብዙም ስለማይሸሽ አብዛኛውን ጊዜ መዋኘት ይቻላል። ዋና የማትችሉ (ብዙዎቻችን አንችልም፣ አንዋሽ!) የሆቴሉ ገንዳ ውስጥ ተለማመዱ። ባሕሩ ሲሸሽ ራቅ ብላችሁ የምትራመዱም የመመለሻውን ሰዓት ሳትጠይቁ አትሂዱ፤ ሲመለስ ከኋላችሁ ሊከባችሁ ይችላል። የባሕሩ ወለል ላይ እሾሃማ እንስሳት ስላሉ የጎማ ጫማ አድርጉ።

አለባበስን በተመለከተ፣ የዋና ልብስ የሆቴሉ ዳርቻ ላይ ይበቃል። መንደር ስትገቡ፣ ከተማዋም ስትሄዱ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ ይሄ ለሴትም ለወንድም ነው። እናንተም ቤተ ክርስቲያን ወይ መስጊድ ቅጥር ግቢ በቁምጣ የሚገባ ሰው ደስ አይላችሁም። በረመዳን የምትሄዱ ደግሞ ቀን ቀን በአደባባይ አትብሉ፣ አትጠጡ፣ አታጭሱ። ሆቴሉ ውስጥ ይቀርብላችኋል። መንደሩ እየጾመ መንገድ ላይ ሙዝ መላጥ ነውር ነው፤ ጾም ምን እንደሆነ እኛ ነጋሪ አንፈልግም።

ዳርቻው ላይ «ጀልባ ላሳፍራችሁ፣ ቅመም ላሳያችሁ» እያሉ የሚከተሉ ወጣቶች አሉ። የአገሩ ሰው «ፓፓሲ» ይላቸዋል፤ ትርጉሙ መዥገር ነው። ስማቸው ክፉ ቢሆንም ብዙዎቹ እንጀራ ፈላጊ ልጆች ናቸው። የማትፈልጉ ከሆነ ሰላም ብላችሁ፣ ፈገግ ብላችሁ «አይ፣ አሳንቴ» በሉ። አሳንቴ ማለት አመሰግናለሁ ነው። የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ገንዘቡን ከጉዞው በኋላ ክፈሉ።

ሆቴል ውስጥ ብቻ ተቀምጣችሁ አትመለሱ። አንድ ቀን ስቶን ታውን የምትባለውን አሮጌዋን ከተማ እዩ። በ2000 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ተመዝግባለች። የተቀረጹት የእንጨት በሮቿ ራሳቸው ሙሉ ቀን ይወስዳሉ። እስከ 1873 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥበት የነበረው የባሪያ ገበያ ቦታ ላይ ዛሬ ካቴድራል ቆሟል፤ እዚያ ስትገቡ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና ትንሽ ቁሙ። ማታ ፎሮዳኒ የሚባለው የባሕር ዳር አትክልት ቦታ ላይ ከአገሬው ሰው ጋር ተጋፍታችሁ ጥብሱን ብሉ፣ የሸንኮራ ጭማቂውን ጠጡ።

የመጨረሻው፣ ስለ ፎቶ። መጀመሪያ ሰላምታ። ከዚያ ስልካችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ያዙና «ፒቻ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ፎቶ ማለት ነው። «እሺ» ካሉ አንሱ፣ ያነሳችሁትን አሳዩዋቸው። እጃቸውን ካወዛወዙ ወይም ፊታቸውን ካዞሩ «ሳማሃኒ»፣ ይቅርታ፣ ብላችሁ እለፉ። የምዋኒ ሥራ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ሆቴላችሁን ጠይቁ። በመንደሮቹ ውስጥ ራሳቸው ሴቶቹ ሥራቸውን የሚያስጎበኙበት፣ ከሣሩ የሠሩትን ሳሙና የሚሸጡበት ቦታ አለ። እዚያ ገንዘባችሁ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ የእናንተም የእነሱም ክብር አይነካም።

ለዛሬ በዚህ ይብቃን። ደብዳቤ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ከባለቤትሽ ጋር ከተነጋገራችሁ በኋላ መልሰሽ ጻፊልኝ። ሌሎቻችሁም «እኔም ባሕር ዳር ሄጄ እንዲህ ገጠመኝ» የምትሉት ካለ አድርሱኝ። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ… ሰላም ሁኑልኝ!